ጋሽ ግዛቸው እና በመብራት ገመድ የመጣው ጩኸት

ጋሽ ግዛቸው አርፈዋል። እስካሁን ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ አረፍ ብላችሁ አንብቡት። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ እንደተቀመጡ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይ ውኃ ይዘው ሲወጡ ያሸለቡ መስሏቸው ብርጭቆውን አጠገባቸው አኑረው በቀስታ ተመለሱ። «ሙቀቱ ነው፣ ትንሽ ይተኛ ብዬ ነው» ይላሉ እስከ ዛሬ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ጋሽ ግዛቸው አልጋ ላይ አልዋሉም፤ ማንንም አላስቸገሩም። ለቀብራቸው ከወንዝ ማዶ፣ ከመጋላ ብቻ የመጣው ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተርፎ አስፋልቱን ይዞ ነበር።

እኔ ነዒማ እባላለሁ። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሶኬት፣ ቻርጀርና የእጅ ሬዲዮ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልሄድኩም፤ የማውቀውን ያወቅሁት በመጠየቅና በመስማት ነው። መስማቱን ደግሞ ያስተማሩኝ ጋሽ ግዛቸው ናቸው። ወሬ ካስረዘምኩባችሁ ታገሱኝ። እሳቸውም ይታገሱኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ወሬሽ በየጣቢያው ይቆማል፤ ግን መድረሱ አይቀርም» ይሉኝ ነበር።

በድሮው ባቡር ዘመን ጋሽ ግዛቸው የጣቢያ ጸሐፊ ነበሩ። ሥራቸው ባቡሩ ከድሬ መነሳቱን በመስመሩ ስልክ መንገር፣ ከወዲያ የተነሳውንም መስማት ነበር። በጅቡቲ በኩል ስልኩን የሚያነሱት አቶ ዒልሚ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት የሚተዋወቁት በድምፅ ብቻ ነበር። ልጅ ሲወለድ እንኳን ማርያም ማረችልህ፣ እንኳን አላህ ሰጠህ ተባብለዋል፤ በሐዘንም ተጽናንተዋል። በአካል የተያዩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ጋሼ ያንን ቀን ሲያስታውሱ፣ «አቤት፣ አጭር ሰው! በስልክ እኮ ረጅም ነበር» ብለው ይስቁ ነበር።

አሮጌው ባቡር ሲቆም ሁለቱም ጡረታ ወጡ። ዝም መባባል ግን አልቻሉም፤ የሬዲዮ ፈቃድ አወጡ። ዜና የሚያሰራጭ ጣቢያ ማለቴ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ጣሪያ ላይ በተዘረጋ ሽቦ አማካይነት ሩቅ ካለች መሰሏ ጋር የምታነጋግር መሣሪያ ናት። የእነዚህ መሣሪያዎች ወዳጆች አማተር ይባላሉ፤ ገንዘብ አያገኙበትም፤ ይወዱታል፣ በቃ። በድሬ እኛ ጥቂቶች ነን። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሰዉ ከቀትር እንቅልፉ ተነስቶ ፊቱን ሲታጠብ፣ ከጋሽ ግዛቸው መስኮት «ዋርያ ግዛቸው! ምን አለ?» የሚል፣ በሶማልኛ «አንተ» ብሎ የሚጀምር የአቶ ዒልሚ ድምፅ ይወጣል። እሳቸውም «አቦ፣ ሙቀት ነዋ!» ብለው ይጀምራሉ።

እትዬ ፀሐይ አንድ ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ስልክ ኪስህ ውስጥ እያለ በምን እዳህ ነው ሽቦ ለሽቦ የምትንጠላጠለው?» አሏቸው።

«ስልክ ስደውልለት ‘ምን ሆንክ?’ ይለኛል። በሬዲዮ ስጠራው ግን ‘ምን አለ?’ ይለኛል። ልዩነቱ ይሄ ነው» አሉ።

እኔ ያወቅኋቸው ሽቦ ሊገዙ ሱቄ ሲመጡ ነው። ሽቦውን እየለካሁ፣ አልጋ ላይ ስለዋለችው እናቴ አወራኋቸው። ሽቦውን ጠቅልለው ሄዱ። ዓርብ ዕለት ግን መጋላ ያለው ቤታችን ድረስ መጡ። ሽቦውን ከእናቴ መስኮት እስከ ጎረቤት ኒም ዛፍ ዘርግተው፣ ከትንሽ ሬዲዮ ጋር አገናኝተው፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የቁርኣን ንባብ ጥርት ብሎ እስኪሰማ ድረስ ቁልፉን በቀስታ ሲያዞሩ ቆዩ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከሄዱ በኋላ፣ «ሰውየው እስላም ናቸው?» አለችኝ። «አይደሉም» አልኳት። «እንግዲያ አላህ የላካቸው ናቸው» አለች። እስክታልፍ ድረስ ባትሪውን የሚለውጡላት እሳቸው ነበሩ፤ ሁሌም ዓርብ፣ ከሶላት በኋላ። እኔንም ወደዚህ ነገር ያስገቡኝ በዚያው ነው። «መጀመሪያ ጆሮ፣ ኋላ አፍ» እያሉ ረጅም ጊዜ ሲያሰሙኝ ቆይተው ነው ለፈቃድ እንድፈተን የገፋፉኝ።

አሁን ወደ ጩኸቱ ልምጣ።

ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት በከዚራ ጥቂት መንገዶች ላይ አዲስ ኢንተርኔት መሞከር ጀመረ። ልዩ ገመድ የለውም፤ በመብራቱ ገመድ ነው የሚመጣው። ትንሽ ሣጥን ሶኬት ላይ ትሰኩና ቤቱ በሙሉ ይገናኛል። የከዚራ ቤቶች በድሮ ጊዜ በወፍራም ድንጋይ የተሠሩ ስለሆኑ ሌላው ኢንተርኔት ግድግዳውን አያልፍም፤ ሰዉ በጣም ተደሰተ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሶኬት ሻጭ አይደለሁ?

ነገር ግን የመብራት ገመድ ለዚህ ሥራ አልተሸፈነም። በውስጡ የሚሮጠው ነገር እንደሚያፈስ ቧንቧ ወደ አየሩ ይተፋል፤ የሚተፋበትም ሞገድ እኛ የምንነጋገርበት ነው። አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሬዲዮው ሲከፈት በአቶ ዒልሚ ፋንታ ብረት ድስት ላይ እንደሚቆላ ገብስ ያለ ጩኸት መጣ። በማግስቱም እንዲሁ። ከጩኸቱ ሥር «ዋርያ... ዋርያ...» የሚል ድምፅ እንደሚሰምጥ ሰው ብቅ ይልና ይጠፋል። አቶ ዒልሚ እኛን ጥርት አድርገው ይሰማሉ። እኛ ነን የደነቆርነው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ግዛቸው በሰፈሩ መብራት ሲሄድ ደስ የሚላቸው ብቸኛ ሰው ሆኑ። መንደሩ በሙሉ «ወይኔ!» ሲል ከእሳቸው ቤት «ተመስገን!» የሚል ይሰማል። ሮጠው ባትሪ ያገናኛሉ፤ ሰማዩ ጸጥ ብሏል፤ አቶ ዒልሚ አሉ። ጎረቤት ይህን ሲያይ ሌላ ነገር ጠረጠረ። ከጣሪያቸው የሚወርደውን ሽቦ እያሳየ፣ «መብራቱን የሚያጠፋው ይሄ ሽማግሌ ነው» ብሎ ያወራ ጀመር። አንዲት ሴት በር ላይ አስቁማቸው፣ «ጋሽ ግዛቸው፣ ዛሬ ድፎ ልጋግር ነውና እባክዎን አያጥፉብን» አለቻቸው። «ዛሬ እንኳ ላንቺ ስል እተወዋለሁ» አሏት። ያንን ቀን መብራት ሳይሄድ ዋለ፤ ሴትየዋም እስከ ዛሬ የምታምነው እሳቸው አጥፊ እንደነበሩ ነው።

ጩኸቱ የትኛው ቤት ጋ እንደሚብስ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ እሳቸው፣ እኔና ሙክታር ሆነን ወጣን። ሙክታር የመጋላ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከእኛ ከባለ ሬዲዮዎቹ መካከል ወጣቱና ግልፍተኛው እሱ ነው። የእጅ ሬዲዮ ይዛችሁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞራችሁ፣ ጩኸቱ ወደሚበረታበት አቅጣጫ ትሄዳላችሁ፤ አሠራሩ ይኸው ነው። ሲያዩን ግን የጠፋ በግ የምንፈልግ ነው የምንመስለው።

«ምን ጠፋባችሁ?» አለች አንዲት ጀበና አጠገብ የተቀመጠች ሴት።

«ጩኸት ነው የምንፈልገው» አለ ሙክታር፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ጩኸት? ለምን ትደክማላችሁ፤ ኑ እኛ ቤት። ባሌ ሞልቶታል፣ አቦ!»

መንገዱ ሳቀብን። እኛ ሄድን። ጩኸቱ በአንዱ መታጠፊያ በረታ፣ በሁለተኛው ጆሮ አደነቆረ። ጋሽ ግዛቸው ሬዲዮውን ከፊታቸው ይዘው፣ መሬት መሬት እያዩ ይራመዳሉ። «ደረስንበት፣ ደረስንበት!» አሉ። ቀና ሲሉ የቆሙት የገዛ ግቢያቸው በር ላይ ነው።

ሙክታር መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። ገባን። እትዬ ፀሐይ ሳሎን ውስጥ፣ ስልካቸውን ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። በስልኩ ውስጥ ዱባይ የምትሠራው ልጃቸው አለች፤ ጭኗ ላይ ደግሞ ጋሽ ግዛቸው በእጃቸው አቅፈዋት የማያውቋት የልጅ ልጃቸው ኤልዳና። ከቡፌው ጀርባ ሶኬቱ ላይ፣ ያቺ ትንሽ ሣጥን አረንጓዴ ዓይኗን ታርገበግባለች።

«ፀሐይ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የገባው?»

«የሞከሩ ጊዜ ነዋ። በነፃ ነው ብለው ሰኩልኝ። ምነው? ምን አደረግሁ?»

እትዬ ፀሐይ አልደበቋቸውም ነበር። ኢንተርኔቱ የእሳቸው ነገር፣ ሬዲዮው የባላቸው ነገር ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ውስጥ መንገድ ላይ እንደሚገጫጩ ማን ይነግራቸዋል? ኤልዳና አያቷን ስታይ ዘልላ ተነሳች፤ «አያቴ! አያቴ!» እያለች አጨበጨበች። ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ በእጃቸው ያለው ሬዲዮ ጩኸቱን ጨመረ። ስትረጋ ቀነሰ። እንደገና ስትዘል ጨመረ። ጋሽ ግዛቸው ሬዲዮውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ከዚያም ሬዲዮውን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱና፣ «አቤት የኔ እመቤት» ብለው አጠገቧ ተቀመጡ።

ሲሸኙን በር ላይ ቆመው፣ «ስንት ቀን ሙሉ ስራገመው የከረምኩት ጩኸት የልጅ ልጄ ሳቅ ኖሯል» አሉ።

የእኛ ክርክር የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሙክታር አቤቱታ ጽፎ መጣ፤ «አገልግሎቱ ይታገድልን» የሚል። ሁላችንም ፈረምን። ጋሽ ግዛቸው እስክሪብቶውን መለሱለት።

«በሚስቴ ላይ ክስ አልፈርምም።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ክስ አይደለም፣ ሕግ ነው! እኛ ፈቃድ አለን። ዝም ካልን ነገ ድሬ በሙሉ ትሞላለች። የዚያን ጊዜ በአጭር ሞገድ አንድ ቃል የሚሰማ የለም። ዒልሚንስ ምን ሊሏቸው ነው?»

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አሥር ሰዓት ላይ ወንበራቸው ላይ ይቀመጡና፣ ላይሰሙት ነገር ይናገራሉ። «ዒልሚ፣ እኔ አልሰማህም፤ አንተ ግን እየሰማኸኝ ነው። ደህና ነኝ። ፀሐይም ደህና ናት» ይላሉ። መብራት ሲሄድም «ተመስገን» ማለቱን ተዉት። ሥዕሉ የጠፋባቸውን የእትዬ ፀሐይን ፊት እያዩ እንዴት ይበሉት? «የእኔ መስማት በእሷ ማጣት መሆን የለበትም። ሌላ መላ አይጠፋም» አሉኝ አንድ ቀን።

መላ የመሰላቸውን ይዘው ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄድን። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱ ወደ ደቻቱ ወንዝ ያያል። አንድ ወጣት መሐንዲስ በጨዋነት አስተናገደን። ጋሽ ግዛቸው እጃቸውን ደራርበው፣ ለምልጃ እንደሄደ ሽማግሌ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ብታጠፉልን ብዬ ነው» አሉ።

መሐንዲሱ ፈገግ አለ። «አባቴ፣ ለአንድ ሰው ብለን መንገዱን ሁሉ እንዴት እናጠፋለን? ደግሞም ያ ሞገድ ባዶ ነው። ለክተነዋል፤ ምንም የለበትም።»

ሙክታር ሊነሳ ሲል በክርናቸው ያዙት። ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «የድሬ ልጅ ነህ?» አሉት።

«ነኝ።»

«ያንን አየኸው?» ደቻቱ እንደልማዱ ደርቆ አሸዋው ያበራል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ባጃጅ ያቋርጠዋል፣ ፍየል ተኝቶበታል። «ባዶ ነው አይደል? ቦታ ቢሰጡህ ቤት ትሠራበታለህ?»

መሐንዲሱ ወደ አሸዋው አየ። ደቻቱ ሞልቶ ሰውና ቤት የጠረገ ጊዜ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ድሬ ውስጥ ያደገ ሰው ያንን ሳይሰማ አያድግም።

«የእኛም ሰማይ እንዲሁ ነው» አሉ ጋሽ ግዛቸው። «ባዶ የሚመስለው እስከሚፈለግ ነው። ስልክ የጠፋ ቀን፣ መንገድ የተቆረጠ ቀን፣ ሰው ሰውን የሚያገኝበት እሱ ነው። ኢንተርኔታችሁን አልጠላሁትም፤ የልጅ ልጄን የማያት በእሱ ነው። መሄጃው ላይ ግን አትገንቡበት።»

የዚያን ቀን ትልቁን ነገር የነገረን ግን መሐንዲሱ ነው። ጥቂት አሰበና፣ «ማጥፋት እኮ አያስፈልግም» አለ። ሣጥኖቹ የተወሰኑ ሞገዶችን ዘለው እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል፤ እናንተ የምትነጋገሩበትን ብቻ ባዶ ይተዉታል፤ ፍጥነቱ ግን ጥቂት ይቀንሳል አለን። ጋሽ ግዛቸው ግንባራቸውን መቱ። «እኔ አንድ ሰዓት ልለምን መጥቼ! አንተ ቀኑን ሙሉ ትሰጠኛለህ?» ብለው እንደ ሕፃን ሳቁ። ሙክታር በዚያ ቀን አልሳቀም። «ዛሬ ዘለሉት፤ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ቢመልሰውስ?» አለ ደረጃውን ስንወርድ። ጋሼ፣ «እሱም እውነት ነው» አሉት፤ «ስለዚህ አንተ ቶሎ አትሙት።»

የአለቆቹን ፈቃድ ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ግን ተደረገ። ጩኸቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሩቅ እንደሚዘንብ ዝናብ ሆኖ ቀረ። ኤልዳና ደግሞ አልፎ አልፎ አፏን እንደከፈተች ስልኩ ላይ ቀጥ ትላለች። እትዬ ፀሐይ፣ «ትንሽ ትቆራረጥ፤ የእሱም ሰው ሰው ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የነበረው አሥር ሰዓት ነው የሚናፍቀኝ። በአንድ ሳሎን፣ በአንዱ ጥግ እትዬ ፀሐይ ከዱባይ ጋር፣ በሌላው ጋሽ ግዛቸው ከጅቡቲ ጋር።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል! ልጅቷ አልሰማሽም አለችኝ እኮ!»

«አንቺ ቀስ በይ! ዒልሚ ሚስትህ ምን ሆና ነው የምትጮኸው አለኝ!»

ከዚያ ያ እሑድ መጣ።

ግቢው በለቅሶ ሲሞላ፣ ሙክታር ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «አሥር ሰዓት ላይ ዒልሚ ይጠራሉ። ማን ሊመልስላቸው ነው?» አለኝ። መርዶ በአገራችን ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በር ተንኳክቶ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። ለብቻው ላለ ሰው በሽቦ የሚወረወር ነገር አይደለም። ተማከርን። ለአቶ ዒልሚ ልጅ ደወልንለት፤ ጎረቤቶችና ሽማግሌዎች ጠርቶ ከአባቱ ጋር እንዲቀመጡ፣ እስከ አሥር ሰዓት ግን ምንም እንዳይናገሩ። ቃሉ ከዚህ ቤት ይውጣ ያሉት እትዬ ፀሐይ ናቸው።

ሬዲዮውን ከፈትኩት። ሰማዩ ጸጥ ብሏል።

«ዋርያ ግዛቸው! ምን አለ? ዛሬ ቤቴ እንግዳ ሞልቶብኛል፣ ምን እንደፈለጉም አልነገሩኝ፤ ቶሎ ቶሎ በል!»

መናገሪያውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ሙክታር ወደ ግድግዳው ዞረ። «ግዛቸው?» አሉ አቶ ዒልሚ። «ግዛቸው?»

እትዬ ፀሐይ ከለቀስተኛው መካከል ተነስተው መጡ። ዕድሜ ልካቸውን ያንን ዕቃ ነክተውት አያውቁም። «የቱ ነው የሚነካው?» አሉኝ። ተጫንኩላቸው።

«ዒልሚ፣ ፀሐይ ነኝ።»

ከዚያ በዚያኛው ጫፍ የሽማግሌዎቹ ድምፅ፣ «ኢና ሊላሂ» ሲል ተሰማ። አቶ ዒልሚ ተመለሱ።

«ፀሐይ፣ እየሰማሁሽ ነው። ተሰቃየ?»

«አልተሰቃየም። የተኛ መስሎኝ ውኃውን አስቀምጬለት ተመለስኩ። አልቀሰቀስኩትም፣ ዒልሚ።»

«ደግ አደረግሽ። ተኝቶ ነው የሄደው። ደግ አደረግሽ፣ እህቴ።»

እነዚያን ቃላት እኛ ስንት ጊዜ ብለናቸዋል፤ አልሰሙንም። ከአቶ ዒልሚ ሲመጣ ግን ተቀበሉት፤ መጀመሪያ ያለቀሱት ያኔ ነው። በዚያው ሰዓት ቡፌው ላይ የተደገፈው ስልክ ውስጥ፣ አውሮፕላን እስከ ማግስቱ ያላገኘችው ልጃቸው አብራን ታለቅሳለች፤ ኤልዳና ደረቷ ላይ ተለጥፋለች። አንዱም ሌላውን አልሸፈነውም። ልጃቸውም፣ ወንድማቸውም፣ በአንድ ሳሎን ለቅሶ ደረሱ።

ጋሼ፣ እንግዲህ እርስዎን ላነጋግር። አገልግሎቱ ወደ ሌላውም ሰፈር ሊዘረጋ ነው ይባላል። ሙክታር «ይታገድ» የሚለውን ወረቀት ቀዶ «መሄጃው ይተውልን» የሚል ጽፏል፤ አስገብተናል፣ መልስ ገና አላገኘንም። ይሳካል ብዬ አልዋሽዎትም። እትዬ ፀሐይ ግን አሁን አሥር ሰዓት ሲሆን ወንበርዎ ላይ ይቀመጣሉ። ፈቃድ ስለሌላቸው ከዚያ ቀን ወዲህ አይናገሩም፣ ያዳምጣሉ። አቶ ዒልሚም እንደማይመለስላቸው እያወቁ የዋሉበትን ይነግሯቸዋል፦ ሙቀቱን፣ የባሕሩን ንፋስ፣ የልጆቹን ነገር። ሲጨርሱ ስምዎን ይጠራሉ፤ ጥቂት ይቆያሉ፤ ይዘጋሉ። ያንን ጥቂት ጊዜ ማናችንም አንናገርበትም።

አፈሩ ይቅለልዎ፣ አባቴ። የእርስዎም አምላክ የእኔም ጌታ አንድ ነውና፣ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርዎ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። እየሰማን ነው።